ብርሃኑን የበተነው ሂናው አልነበረም

በዚያ ሐሙስ ኮሶዬ ባለው የመስታወት መለኪያ ቤት፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። ኃላፊያችን ኢንጂነር ሙሉቀን፤ መስታወት የሚያለሰልሱት አያ ታከለ፤ የወርቅ መቀቢያውን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው አስማረ፤ መስታወቶቹን መያዣው ላይ የምትደረድረው ዘይነባ፤ ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ ከከተማ አብራን የመጣች ጸሐፊ፤ እና አጣቢዋ እኔ፣ ባዩሽ። ሾፌሩ ውጭ ማኪናው ውስጥ ነበር፤ እሱ አልገባም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኋላ ያልነበረ ሰው ሁሉ እንደነበረ ሆኖ ስላወራ ነው። ስድስት ነበርን። ከስድስታችን መስታወቶቹ የተበላሹበትን ምክንያት የማውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ዓይኔ ደክሟል፤ ወገቤም እንደ ድሮው አይታጠፍም። ደግሞ እኔ በእጄ አደርገው የነበረውን ዛሬ አንድ ትልቅ ሳጥን ይሠራዋል። መስታወቱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ታጥቦና ደርቆ ይወጣል። ሰው አይነካውም፤ ሰው አይተነፍስበትም። ያን ጊዜም እንዲህ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ የኢንጂነሮቹን ነገር እኔ እንደገባኝ ነው የምጽፈው። ትልቋ ልጄ ፍሬሕይወት ፊደሉን አርማልኛለች፤ ነገሩን ግን አትንኪብኝ ብያታለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ጎንደር አራዳ፣ አንድ መነጽር ቤት ወለል በመጥረግ ነው። ባለቤቴ ሞቶ ሦስት ልጆች ይዤ ቀርቼ ነበር። ደመወዙ ከቤት ኪራይ እምብዛም አይተርፍም፤ ግን ሥራው ቤት ውስጥ ስለሆነ ወደድኩት። አያ ታከለ በዚያ ቤት የመነጽር መስታወት የሚሞርዱ ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ። አንድ ቀን የወለወልኩትን የመስታወት መደርደሪያ በባትሪ ያዩት ጀመር። ባትሪውን ከላይ አላበሩትም። መደርደሪያው ላይ አጋድመው፣ ብርሃኑ መስታወቱን እየላሰ እንዲያልፍ አደረጉ። እንዲያ ሲሆን ከላይ የማይታይ አቧራ ሁሉ ብልጭ ብልጭ ይላል። ከሥራ ሊያስወጡኝ ነው አልኩ።

አንዲት ብልጭታ አልነበረችም።

«ስንት ጊዜ ወለወልሽው?» አሉኝ።

«ሦስት ጊዜ፣ አያ።»

«ምነው ሦስት?»

«በአንዱ እንዳይቀር ፈርቼ ነው።»

ባትሪውን አጠፉና ወደ ባለቤቱ ዞረው «ይቺ ሴት ትፈራለች፤ ሸጋ ነው» አሉ። እኔ በሕይወቴ ሁሉ ፍርሃቴን ያመሰገነልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ልጆቼ ሲያስነጥሳቸው ሳንባ ነው የምል፣ በር ዘግቼ ሦስት ጊዜ ተመልሼ የምፈትሽ ሴት ነኝ። ጎረቤት ይስቅብኛል። አያ ታከለ ግን ያን ነገር ለሥራ ፈለጉት። በኋላ ከተማችን ያለው ኮሌጅ ውጭ አገር ካሉ ሰዎች ጋር ሆኖ የመስታወት ወርክሾፕ ሲከፍት እሳቸውን ጠራ፤ እሳቸውም «አጣቢዬን ይዤ እመጣለሁ» ብለው እኔን ይዘው ሄዱ።

የምንሠራው መስታወት ፊት የሚታይበት አይደለም። ወደ ሰማይ በሚላክ ቴሌስኮፕ ውስጥ የሚገባ መስታወት እንዴት መለስለስና ወርቅ መቀባት እንዳለበት የሚሞከርበት፣ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ነው። ቴሌስኮፑ የሚያየው ተራውን ብርሃን አይደለም፤ ኤክስሬይ ነው። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ሆስፒታል አጥንት የሚታይበት ማሽን ሰማይ ላይ ምን ይሠራል ብዬ ነበር። ኢንጂነር ሙሉቀን ሰብስቦ አስረዳን።

«ኤክስሬይ ከኮከብም ይመጣል» አለ። «ችግሩ፣ መስታወትን ፊት ለፊት ከመታው ገብቶ ይቀራል፤ አይመለስም። ስለዚህ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ገጹን እየላሰ ነው እንዲነጥር የሚደረገው። ጠፍጣፋ ጠጠር ሐይቅ ላይ አጋድማችሁ ስትወረውሩ አይነጥርም? እንደዚያ ነው።»

አያ ታከለ ወደ እኔ አዩ። የመነጽር ቤቱን ባትሪ አስታወስኩ።

«ውሃው ማዕበል ካለው ጠጠሩ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም» አለ ኢንጂነሩ። «መስታወቱም ሸካራ ከሆነ ብርሃኑ ይበተናል። ነጥብ መሆን የሚገባት ኮከብ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ መብራት ዙሪያዋን ትደበዝዛለች። አጠገቧ ያለች ደካማ ኮከብ ደግሞ በዚያ ብትን ብርሃን ተሸፍና ጭራሽ አትታይም።»

«ምን ያህል ይለስልስ ታዲያ?» አለ አስማረ።

«ይቺ መዳፍ የምታክል መስታወት ተለጥጣ ከጎንደር እስከ አይከል ብትዘረጋ፣ መንገዱን ሙሉ ከጤፍ ፍሬ የሚበልጥ ጉብታ እንዳይገኝ።»

ዘይነባ ሳቀች። «ከጎንደር አይከል? ኢንጂነር፣ ያንን መንገድ ሄደውበት ያውቃሉ? ጉድጓዱ እኮ በሬ ይውጣል!»

ሁላችንም ሳቅን። ጸጥታ የሚወዱት አያ ታከለም ሳይቀሩ ሳቁ። ዘይነባን እንዲህ ነው የማስታውሳት። አባቷና አያቷ አራዳ ጨርቅ የሚሸጡ፣ እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ሃያዎቹን ያጋመሰች ልጅ ነበረች። እጇ አይንቀጠቀጥም። ወርቅ የሚቀባውን ማሽን «ጋኑ» ያለችው እሷ ናት። ሆዱ የሰፋ ብረት ስለሆነ ስሙ በዚያው ጸና። «አስማረ፣ ጋኑን ከደንከው? እንዳይገነፍልብህ!» ትለዋለች። አስማረም «የአንቺ አፍ ነው መክደኛ ያጣው» ይላታል። እኔን «እቴ ባዩሽ» ትለኛለች። «እቴ ባዩሽ፣ እነዚህን መስታወቶች እንዲህ ስታጥቢ ልጆችሽ አይቀኑም?»

ሥራው ተራ በተራ ነበር። መጀመሪያ አያ ታከለ ያለሰልሳሉ። መስታወቱን ጥቁር ሬንጅ በመሰለ ለስላሳ ነገር ላይ አስተኝተው፣ በውሃ በተበጠበጠ ሮዝ ዱቄት እያሹ ወዲያ ወዲህ ይሉበታል። በእጃቸው ነው። ሰዓታቸውንና ቀለበታቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ነው የሚቀመጡት። እያለሰለሱ አይናገሩም። ጥቂት ከሠሩ በኋላ እጃቸውን አንስተው መስታወቱን ይተዉታል። «ይረፍ» ይላሉ። እጅ ያሞቀዋል፤ የሞቀ መስታወት ያብጣል፤ ያበጠውን ሲያለሰልሱት ሲቀዘቅዝ ይጎደጉዳል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ «ይረፍ» የሚሉበትን ጊዜ ስጠብቅ ነው ትዕግሥት የተማርኩት።

ለእያንዳንዱ መስታወት ደብተር ላይ አንድ መስመር ነበረው። መቼ ተጀመረ፣ ስንት ጊዜ አረፈ፣ ማን አጠበው፣ ምን ሆነ። በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፤ ከተሳሳቱ አይሰርዙም። ሥር ላይ «ከላይ ያለው ስህተት ነው» ብለው ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ኢንጂነሩ «ኮምፒዩተር ላይ ይግባ እንጂ፣ አያ» ቢላቸው «አንተ ኮምፒዩተር ላይ አስገባ፤ እኔ እዚህ እጽፋለሁ» አሉት።

ከዚያ ወደ እኔ ይመጣል። በሳሙና፣ በተጣራ ውሃ፣ በአልኮል፣ ደግሞ በተጣራ ውሃ አጥበዋለሁ። ዋናው ነገር ከመጨረሻው ውሃ የሚወጣበት አኳኋን ነው። በፍጥነት ካወጡት ጠብታ ይዞ ይወጣል፤ ጠብታው ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ክብ ይተዋል። ስለዚህ ቀስ ብሎ፣ ውሃው ራሱ ከመስታወቱ ላይ እንደ መጋረጃ እስኪወርድ ነው የሚሳበው። አንዱን ለማውጣት አንድ አባታችን ሆይ ይፈጃል። እኔ በዚያ ነበር የምለካው። ከዚያ መብራት ሥር ይደርቃል።

ከእያንዳንዱ መስታወት ጋር «ምስክር» የምንለው ጥፍር የሚያህል ቁራጭ አብሮ ይታጠባል፤ መስታወቱ የሚያልፍበትን ሁሉ ያልፋል። መስታወቱን መንካት ስለማይቻል ምስክሩን ነው የምንጠይቀው። አያ ታከለ ያስተማሩኝ መጠየቂያ ትንፋሽ ነው። አፍን ከፍቶ ቀስ ብሎ ሀ ማለት። ንጹሕ ከሆነ ጉሙ እኩል፣ ግራጫና ስስ ሆኖ ይለብሰዋል፤ ከዚያ እኩል ይጠፋል። ቅባት ከነካው ግን ጉሙ እዚያ ቦታ ላይ ይዘበራረቃል፤ ደሴት ይሠራል። ዓይን የማያየውን ቅባት ትንፋሽ ያሳያል።

ቅባት ጠላታችን ነበር። ስለዚህ ሕግ ነበረን፤ በር ላይ ተለጥፏል። ሽቶ የለም፣ ኩል የለም፣ የእጅ ቅባት የለም፣ ቅቤ የለም። ቅቤውን ያስጻፉት አያ ታከለ ናቸው። ውጭ አገር ያሉት ሰዎች በላኩት ሕግ ውስጥ አልነበረም፤ የዚህ አገር ሴት ራሷ ላይ ቅቤ እንደምታደርግ ማን ይነግራቸዋል? እኔ ቅዳሜ ማታ እቀባለሁ፣ እሑድ ማታ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሙልጭ አድርጌ እታጠባለሁ፣ ሰኞ ንጹሕ ሆኜ እገባለሁ። ለዓመታት አንድ ቀን አላጓደልኩም። የሂና ነገር ሕጉ ላይ አልነበረም።

ያ ሳምንት እንዲህ ሆነ። ፍሬሕይወት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳ የደም ግፊቷ ከፍ አለ ተብሎ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እኔ አምስት ቀን ወንበር ላይ ነው ያደርኩት። ራሴን ለሁለት የሚሰነጥቅ ሕመም ያዘኝ። እሑድ ከሰዓት አክስቴ ከገጠር ልትጠይቀን ስትመጣ ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ይዛ መጣች። ፊቴን ስታይ ሳትጠይቀኝ አናቴ ላይ ጨመረችው። «ምነው ልጄ፣ አንቺ ቀድመሽ ልትሞቺ ነው?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ሕመሙ ወዲያው ለቀቀኝ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔ ተከደነ።

ቤት ስመለስ ውሃ ጠፍቷል። የጎንደርን ውሃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንዴም ይረሳናል። የነበረን አንድ ጀሪካን ነው። ያን ደግሞ ለሆስፒታሉ፣ ለፍሬሕይወት ልብስ አስቀምጬዋለሁ። ጎረቤት ጠየቅሁ፤ የለም። ሰኞ ጠዋት ራሴን በደረቅ ፎጣ አሸሁ፤ ሁለት ሻሽ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ፤ የሥራውን ቆብ ከላይ ደረብኩ።

መቅረት እችል ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ «አያ፣ ቅቤ አለብኝ» ብል አንድ ቀን ይዘገይ ነበር፤ ሌላ ምንም አይመጣም። ግን ያ ዙር ስድስት መስታወት ያለበት፣ ውጭ የሚላክ የመጀመሪያው ዙር ነበር። የኮንትራቴ መታደሻም በዚያው ወር ነው። ልጄ ሆስፒታል ናት። ፈራሁ። አያ ታከለ ያመሰገኑት ፍርሃት ያን ቀን በተሳሳተ በር ገባ።

ሦስቱን ደህና አጠብኩ። አራተኛው ላይ የማድረቂያው መብራት ክፍሉን አሙቆታል። ጎንበስ ብዬ ስሠራ ሻሹ ሥር ሙቀት ተሰማኝ፤ ግንባሬ ላይ ወዝ መጣ። ምንም ጠብ ያለ ነገር የለም፤ ዓይኔን አልነቀልኩም። ያልጠረጠርኩት መስታወቱ ላይ የሚያርፈውን የቅቤውን ተን ነው። አምስተኛውን ስጨርስ ምስክሩን አንስቼ ተነፈስኩበት።

ጉሙ ጥግ ላይ ተዘበራረቀ። ትንሽ። የጤፍ ፍሬ የምታክል ደሴት።

አየኋት። ይህን ነው ለዓመታት ለማንም ያልተናገርኩት። አላየሁም ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን አየኋት። እንደገና ተነፈስኩ፤ አሁን የጠፋች መሰለኝ። እንቅልፍ ያጣ ዓይን ነው አልኩ። ሦስት ጊዜ መተንፈስ የለመድኩት ሴት ሦስተኛውን ተውኩት። ስድስተኛውን አጥቤ ትሪውን ለዘይነባ አቀበልኳት። እሷ በጓንትና በመቆንጠጫ መያዣው ላይ ደረደረቻቸው። አስማረ ጋኑን ዘጋ፤ አየሩ ተመጥጦ ወጣ፤ ማክሰኞ ወርቁ ተቀባ።

ሐሙስ ወደ ኮሶዬ ወሰድናቸው። ከተማው የጭነት ማኪና ያንቀጠቅጠዋል፤ አቧራም አለ። ስለዚህ መለኪያው ያለው ደጋው ላይ፣ በደባርቅ መንገድ ነው። ሳጥኑን እንደ ሁልጊዜው ጭኔ ላይ አቅፌ ሄድኩ። ዘይነባ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ፍሬሕይወት ጠየቀችኝ። ዒድ ካለፈ ሳምንት ሆኖት ነበር፤ እጇ ላይ ያለው ሂና ገና ጥቁር ቡናማ ነው፣ ሐረጉ እስከ ጣቷ ጫፍ ይወርዳል። «ልጅሽ ስትወልድ እኔ ነኝ የምስልላት» አለችኝ። «ክርስቲያን ናት ብለሽ እንዳትከለክይኝ፣ እቴ ባዩሽ፤ ለውበት ነው።»

ጨለማው ክፍል ውስጥ ቀጭን ብርሃን መስታወቱን አጋድሞ ይመታዋል። ደህና መስታወት ከሆነ መስታወቱ ራሱ አይታይም። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ አንዲት ነጥብ ሆኖ ያርፋል፣ በቃ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እንዲያ ሆኑ። አያ ታከለ ለሦስተኛው «ሸጋ» አሉ። አራተኛው ሲቀመጥ መስታወቱ ራሱ በጨለማው ውስጥ አበራ። ጠዋት ቆላው ላይ እንደሚተኛ ጉም ፈዘዝ ያለ ብርሃን ለበሰ። ግድግዳው ላይ ያለችው ነጥብ ዙሪያዋን ጢም አበቀለች። አምስተኛው ባሰ። ስድስተኛውም እንደዚያው።

ከዚያ ኢንጂነር ሙሉቀን መብራት አበራ።

«ከታጠበ በኋላ ማን ነካው?»

«እኔ» አለች ዘይነባ። «በጓንት ነው።»

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ዘረጋችለት። ሁላችንም አየነው፤ ለዒድ ያማረ እጅ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ ኢንጂነሩ።

«ሂና ነው፤ ዒድ ነበር እኮ። ከደረቀ ሳምንት አልፎታል፣ ኢንጂነር። ታጥቤዋለሁ፤ ጓንትም አድርጌያለሁ።»

«ሂናው ውስጥ ዘይት አይገባም?»

እጇን ሰበሰበች። ይገባል። ዘይት ጠብ ይደረግበታል፤ ሁሉም ያውቃል።

አያ ታከለ «ሂና ይሄን አያመጣም» አሉ። «የጣት ነገር ጠርዙ ላይ ነው የሚታየው፤ ይሄ ፊቱን በሙሉ ነው።»

«ታዲያ ምን አመጣው፣ አያ? ይንገሩኝ። እኔ ለእነዚያ ሰዎች ምን ብዬ ልጻፍ?»

አያ ታከለ አልመለሱም። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። እኔ ቆሜያለሁ። ቆቤ ራሴ ላይ ነው። ረቡዕ ውሃ መጥቶ ታጥቤያለሁ፤ አሁን ራሴ ንጹሕ ነው፤ ማንም ቢያይ ምንም አያገኝም። የእሷ ይታያል፣ የእኔ አይታይም። አፌን ከፈትኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን «ልጄ ሆስፒታል ናት፣ መሄድ አለብኝ» የሚል ነበር። ዘይነባ ራሷ «አዎ፣ ኢንጂነር፣ እሷን እንኳ ቶሎ ይልቀቋት» አለች።

በወሩ መጨረሻ የእኔ ኮንትራት ታደሰ። የዘይነባ አልታደሰም። በተሰጣት ደብዳቤ ላይ «በጥንቃቄ ጉድለት በሥራው ላይ ጉዳት በማድረስ» ይላል። እንዲህ የሚል ደብዳቤ የያዘች ሴት ሌላ ላቦራቶሪ አይቀበላትም፤ ያን ጊዜም አውቀዋለሁ።

ፍሬሕይወት በሰላም ወለደች፣ ወንድ። በሦስተኛው ሳምንት በሩ ተንኳኳ፤ ዘይነባ ናት። ሳሙና፣ የሕፃን ፎጣና ነጭ ጨርቅ ከአባቷ ሱቅ ይዛ መጥታለች። ሕፃኑን አቅፋ «አቤት፣ አፍንጫው! እንደ አያቱ ገና ካሁኑ የሚጨነቅ ይመስላል» አለች። አብረን ሳቅን። ስሸኛት በር ላይ ቆመች።

«ሂና ልስልላት ብዬ ነበር፤ ተውኩት» አለችኝ። «አሁን እጄን ሳየው ደስ አይለኝም።»

«ዘይነባ…»

«ሁሉም አሙኝ፣ እቴ። አስማረ እንኳ። ያላማሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

አሁንም መንገር እችል ነበር። በሩ ላይ ቆመን ነበር፤ ማንም አልነበረም። ሳምኳት። አለቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘይነባን አላየኋትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ኃላፊዎች ተቀያየሩ። ኢንጂነር ሙሉቀን ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። መንገድ የተዘጋበት፣ ስልክ የጠፋበት፣ መስታወቱ ሳይመጣ ወር ሙሉ ባዶ ትሪ ያጠብኩበት ጊዜ ነበር። ካጠብኩት ውስጥ ሰማይ የወጣ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ የነገረን የለም። ከዚያ ሐሙስ በኋላ አንድ መስታወት እንኳ አልተበላሸብኝም። ሰው ያመሰግነኝ ነበር። ምስጋናው ይደክመኝ ነበር።

አያ ታከለ ከዚህ ዓለም ሊያርፉ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ኮሶዬ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ማኪና ስንጠብቅ፣ ነገርኳቸው። አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም፦ ቅቤውን፣ ውሃውን፣ ምስክሩን። አልደነገጡም።

«ሰኞ ስትገቢ ሸተተኝ» አሉ። «ዓመቱን ሙሉ የማይሸተኝ ነገር ነው። ግን ሦስቱ ደህና ሲሆኑ ተሳስቻለሁ አልኩ።»

«ሐሙስ ዕለትስ? ምነው ዝም አሉ፣ አያ?»

«ልጅሽ ሆስፒታል ነበረች። ሦስት ልጅ አለሽ። ያቺ ደግሞ አባቷ ሱቅ አለው ብዬ አሰብኩ።» እጃቸውን አዩት። «ሚዛን ይዤ ለካሁ። ማን ለካ ብሎኝ?»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«አላውቅም፣ ባዩሽ። እኔ ያደረግሁት ደብተሩ ላይ ነው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። ማኪናው መጣ።

ዘንድሮ ሲሸኙኝ አዲሷ ኃላፊ ኬክ አስመጥታ፣ ነጠላ አልብሳኝ «ከወይዘሮ ባዩሽ ጥንቃቄን ተምረናል» አለች። ተናገሪ አሉኝ። ቆምኩና የዚያን ሰኞ ነገር ተናገርኩ። ሰዉ ኬኩን እንደያዘ ቀረ። አስማረ፣ አሁን ሽማግሌ ሆኗል፣ ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ።

ኃላፊዋ በኋላ ቢሮ አስገባችኝ። «እማማ፣ ይሄ እኮ የቆየ ነው፤ ፋይሉም ተዘግቷል» አለችኝ። «ማስረጃም የለም፤ የእርስዎ ቃል ብቻ ነው።»

የአያ ታከለን ደብተር እንድታስወጣልኝ ለመንኳት። ከመጋዘን መጣ። ያን ሳምንት አገኘነው። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ መስታወት፤ «ምን ሆነ» በሚለው ሥር ኢንጂነሩ ያስጻፋቸው አለ፦ «ከእጅ ሂና»። አልተሰረዘም። ከሥሩ በዚያው እጅ ጽሑፍ፦ «ከላይ ያለው ስህተት ነው። ከራስ ቅቤ የመጣ ነው። ልጅቷ የለችበትም።» የማን ራስ እንደሆነ አልጻፉም። «ማን አጠበው» የሚለው ቦታ ላይ ግን የእኔ ስም አለ።

ኃላፊዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ቁጭ ብላ ደብዳቤ ጻፈች። ጉዳቱ በዘይነባ ጥንቃቄ ጉድለት እንዳልደረሰ፣ የቀድሞው ደብዳቤ መሻሩን፣ ሥራዋንም በሚገባ ትሠራ እንደነበር ይላል። ቁጥር አለው፤ ማህተም አለው። አንዱ ቅጂ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። ዋናው እኔ ዘንድ ነው።

አራዳ የአባቷን ሱቅ ሄጄ ነበር፤ አሁን ስልክ ይሸጥበታል። ወደ አይከል ሄደዋል አሉኝ። መንገዱ ሲከፈት አይከል ሄድኩ፤ ጉድጓዱ ዘይነባ እንዳለችው ነው። እዚያ አባቷ ማረፋቸውን፣ እሷም አግብታ ከከተማው መውጣቷን ነገሩኝ። አንዱ ወደ መተማ አለኝ፣ አንዷ ባሕር ዳር አለችኝ። የድሮ ስልኳ አይሠራም።

ስሟ ዘይነባ ነው። ጠይም ናት፣ ረዘም ያለች፤ ስትስቅ ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል። አሁን አርባን ያለፈች ይመስለኛል። ወርክሾፑ በር ላይ ያለው ጥበቃ ቤቴን ያውቃል፤ ለእሱ ብትነግሩት ይደርሰኛል። ያለችበትን የምታውቁ፣ እባካችሁ፣ ደህና መሆኗንና የት እንዳለች ንገሩኝ።